በሁለት ደጃፍ መካከል የተሰቀለው አምፖል

እናንት ወዳጅ ዘመድ፥ ጎረቤትና የዕድር አባላት፥ አፈር ከመልበሳቸው በፊት ጥቂት ጆሯችሁን አውሱን፤ አቶ አገኘሁ ኪዳነ ወልድ በሕይወት ሳሉ ከሰው ያነሰ ነገር ተቀብለው አያውቁምና፥ ዜና ሕይወታቸውም ከማንም እንዳያንስ በጥንቃቄ ተጽፏል።

አቶ አገኘሁ ከአባታቸው ከአቶ ኪዳነ ወልድ አድማሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ተሰማ በ1952 ዓ.ም. በጢስ ዓባይ ተወለዱ። ከፏፏቴው የሚመነጨው መብራት በጎጇቸው አናት በሽቦ እየተሻገረ ባሕር ዳር ሲገባ እሳቸው በኩራዝ ፊደል ይቆጥሩ ነበርና፥ የሰውን ብርሃን አሻግሮ ማየትን በልጅነታቸው ተማሩ። ባሕር ዳር መጥተው ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረሱ በፍርድ ቤት ተላላኪነት ተቀጠሩ፤ ኋላም የችሎት ሥነ ሥርዓት አስከባሪ ሆነው እስከ ጡረታቸው ባለጉዳይ በስሙ እየጠሩ አገለገሉ።

በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሙሉነሽ ጋር ጋብቻ መሥርተው፥ ከሐረር መጥተው በፋብሪካ መካኒክነት ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ግሩም ጋር አጥር ለአጥር ጎጆ ወጡ። አቶ ግሩም ሦስት ልጆች ወለዱ፤ እሳቸውም ሦስት ወለዱ፤ አቶ ግሩም አራተኛ አልደገሙምና ነገሩ በዚያው ቆመ። ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ በኋላ፥ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው፥ ያለ ልዩነትም እኩል ጥበቃ ይደረግለታል የሚለው አንቀጽ ሃያ አምስት በችሎት ሲነበብ በሰሙ ጊዜ፥ ሌላው ስለ አገሩ ሲያስብ እሳቸው ስለ አቶ ግሩም አሰቡ።

በ2011 ዓ.ም. በአቶ ግሩም ደጅ ላይ የመንገድ መብራት ተተከለ። አቶ አገኘሁን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ አንቀጹን እየጠቀሱ አራት ዓመት ሙሉ አቤት አሉ። የሚመለከተው ቢሮም ኮሚቴ አዋቅሮ ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ፥ ለሁለተኛ መብራት በጀት እንደሌለ፥ እኩልነት ግን ሊጓደል እንደማይገባ አምኖ፥ የአቶ ግሩምን አምፖል ፈትቶ ወሰደ። አቶ አገኘሁ ውሳኔውን ቆመው ሰሙ፤ ዶሮም አሳረዱ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ግን ወጡን እያወጡ፥ እኩልነቱስ ደግ ነበር፥ ድሮ ግን በደጃችን ያለው ቦይ በጨለማ ይታይ ነበር ብለዋል።

ባለፈው ኅዳር ጎሕ ሳይቀድ ኪዳን ለማድረስ ሲወጡ እዚያው ቦይ ገብተው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሲያቃስቱ ሰምተው ወርደው በጀርባቸው አዝለው ያወጧቸው አቶ ግሩም ነበሩ። ይህም ለአቶ አገኘሁ ሌላ ሕመም ሆነባቸው፤ ተሸካሚው ምነው እኔ በሆንሁ ሲሉ ተሰምተዋልና።

ስብራቱ አልጠገን ብሎ ሳንባቸው በደከመ ጊዜ አቶ ግሩም ከገዛ ቤታቸው ሽቦ ስበው፥ በሁለቱ ደጃፎች መካከል በሜትር ለክተው፥ አምፖል ሰቀሉ። ብርሃኑ በሁለቱም ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። አቶ አገኘሁ በልጆቻቸው ተደግፈው ወደ መስኮቱ ቀረቡ፤ አንድ ዓይናቸውንም ጨፍነው ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፥ «ሙልዬ፥ በዓይኔ ለካሁት እኮ፤ ወደ ግሩም ያደላል» አሉ። ይህን የሰሙት አቶ ግሩም መሰላል አምጥተው አምፖሉን አንድ ስንዝር ወደ አቶ አገኘሁ ደጅ አስጠጉት። ከመሰላሉ ሳይወርዱ የለቅሶው ጩኸት ከአቶ አገኘሁ ቤት ተሰማ።

አቶ አገኘሁ በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ሲያርፉ፥ ባለቤታቸውን፥ ልጆቻቸውን ባምላክን፥ ወንጌላዊትንና ምሥጋናን፥ እንዲሁም ከዚያች ሰዓት ወዲህ እህል ያልቀመሱትን አቶ ግሩምን ትተው ሄደዋል። ለሐዘንተኞች ሁሉ ሳያበላልጥ መጽናናትን የሚሰጥ አምላክ፥ የወንድማችንን ነፍስ የጎረቤት ማረፊያ ከማይታይበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።