ይተነፍሳል?

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። አዳራሹን አሳምራችሁ ስትጠብቁኝ ሳይ ሆዴ ባባ። ብቻ ጠረጴዛው ላይ ይህን ሁሉ የውሃ ፕላስቲክ ስትደረድሩ ምን ነካችሁ? ማን ሊለቅመው ነው? እኔ እንደሆንኩ ከዛሬ ጀምሮ ጡረተኛ ነኝ!

እኔና ሾፌራችን ፓርኩን የሚያቋርጠውን አስፋልት ግራና ቀኝ ስንለቅም አረጀን። ከመኪና መስኮት የሚወረወረውን ሁሉ አንስተናል፤ ፌስታሉን፣ ጠርሙሱን፣ ዳይፐሩን፣ አንድ ጊዜማ ሰው ሠራሽ ጥርስ! ባለቤቱ ቤቱ ገብቶ እራቱን በምን እንዳኘከ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ያቺን ቀንስ ታስታውሳላችሁ? ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ሳሩ ውስጥ ጭቃ የለበሰ የሞተር ሄልሜት አየሁና አንስቼ ጆንያዬ ውስጥ ከተትኩት። ጆንያው ተንቀሳቀሰ። ጩኸቴን ለቀቅኩት።

«ምን አገኘሽ እቴ?» አለ ሾፌሩ፣ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ።

«ሄልሜቱ እግር አወጣ!»

ኤሊ ነበረች፤ ቅርፊቷ ጠርዙ ላይ የተሸረፈ። ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የሚስቀው ሾፌራችን ያን ቀን «ሁለተኛ ከማንሳትሽ በፊት፣ ይተነፍሳል? ብለሽ ጠይቂ» አለኝ። እናንተም ከአፉ ተቀበላችሁት። ይኸው ዛሬ «ይተነፍሳል?» ሳይል የሚያጎነብስ ሰው በመካከላችን የለም።

እሷም ለመደችን። ክረምት ሲገባ እዚያው መታጠፊያው ጋ አስፋልቱን ልትሻገር ብቅ ትላለች። ሾፌሩ መኪኖቹን ያስቆማል፣ እኔ ከኋላዋ ቀስ እያልኩ አሻግራታለሁ። ጡሩምባ የሚያንባርቅ ቢኖር ማን ሊሰማው!

ዘንድሮ ዝናቡ መጣ፤ እሷ አልመጣችም። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ሾፌሩ ሳልነግረው ፍጥነት ይቀንሳል። እኔም በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ሳሩን አያለሁ። ፌስታል ባነሳሁ ቁጥር፣ እኔ ያላየሁትን አንዱን በልታው ይሆን? እላለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ናፍቃኛለች። መንገዱም ገና ሳልለየው ናፈቀኝ፤ የጠዋት ሳር ሽታው፣ ከሩቅ ቆመው የሚታዘቡን ዝንጀሮዎች፣ የሾፌሩ ያረጀ ቀልድ። ትናንት ቤቴ ውስጥ የልጅ ልጄን ካልሲ ላነሳ ጎንበስ ስል ከአፌ ያመለጠኝ ምን መሰላችሁ? ልጄ «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ብላ ደነገጠች። ደህና አይደለሁም፤ ምን ልበላት?

ክቡራትና ክቡራን፣ ወገባችሁ አይድከም። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ። መንገዱ ጸድቶ፣ የሚለቀም አጥታችሁ ጡረታ ለመውጣት ያብቃችሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ያቺ ኤሊ ከሳሩ ብቅ ካለች ደውሉልኝ። እንዴት ነሽ፣ ጤናሽስ አትበሉኝ። «ትተነፍሳለች» ብቻ በሉኝ።