ገና ሳይጽፍ «ተቀምጧል» የሚል ኮምፒውተር

መብራት መጥፋቱስ አላናደደኝም፤ ጅቡቲ በሙቀቱ ወራት መብራት ይጠፋል። ያናደዱኝ ሐጂ ጀማል ናቸው፤ ካርቲየ 6 ሰፈር ያለው የሕክምና ላቦራቶሪ ባለቤት። ኮምፒውተሮቻቸውን የማያቸው እኔ ነኝ። እያንዳንዱ የምርመራ ውጤት ሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ እዚያው ላቦራቶሪው፣ ቡላኦስ ሰፈር ያለው ቢሮአቸው፣ ሆዳን ሰፈር ያለው ቤታቸው። የሦስቱም ቦታ ኮምፒውተሮች «ደርሶኛል» እስኪሉ ስለሚጠበቅ ሥራው ይንቀረፈፋል። «ሁለቱ ከመለሱ ይበቃናል፣ ሦስተኛው በኋላ ይደርስበታል» አልኳቸው። «አሁንም መጠበቅ?» ብለው ሌላ ባለሙያ አመጡ። እሱ ደግሞ ኮምፒውተሩ ገና የትም ሳይጽፍ «ተቀምጧል» እንዲል አደረገው። ሥራው በረረ። እሱን አመሰገኑት፣ እኔን ሰነፍ አሉኝ።

ባለፈው ሊመረመሩ የመጡት የእማማ ዘሃራ የደም ውጤት ሲገባ «ተቀምጧል» አለ፤ እኔም ስክሪኑን አይቼ ለእማማ ነገርኳቸው። ወዲያው መብራት ጠፋ። ሲመለስ ውጤቱ ሦስቱም ቦታ የለም፤ ደሙም ውጤቱ ተቀምጧል ስለተባለ ተጥሏል። እኒህ አሮጊት ደም ሥራቸው አልገኝ ብሎ ስንቴ ተወግተው ነው የሰጡት። «እንደገና ክንድዎን» ሲባሉ ወደ እኔ ዞረው «ተቀምጧል አላልከኝም እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ማሽኑ ዋሸ ልበል? ማሽን በራሱ መዋሸት ያውቃል?

ሐጂን ለብቻቸው ጠርቼ፣ ኮምፒውተሩን ጽፎ ሲጨርስ ብቻ «ተቀምጧል» ወደሚልበት ዛሬውኑ እንመልሰው አልኳቸው። ደም ከሚወሰድበት መጋረጃ ጀርባ እማማ እንደገና ተወግተው «ወይኔ» ሲሉ ሁለታችንም ሰማን።

«ለእማማ ቀዝቃዛ ለስላሳ ግዛላቸው» አሉኝ ሐጂ። «ፍጥነቱን ግን እንዳትነካብኝ።»