በራሳቸው ክንድ ላይ የጠቀለሉት

እኅቴን ወደ ጤና ጣቢያው ስወስዳት ያ ሁለተኛ ጊዜዬ ነበር። ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች ሰባት ወር ሆኗታል። ባለፈው ወር ዋናዋ ነርስ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት «ልብስ አውልቂ» ቢሏት፣ እትዬ ሻርፗን ሰብስባ እብስ አለች። እናታችንን የገደላት ይኸው በሽታ ነው። ዛሬም ከሸሸች ተመልሳ እንደማትመጣ አውቅ ነበር።

እሷን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ካርድ ላወጣ ስሄድ፣ መተላለፊያው ላይ ዋናዋን ነርስና አንድ ወጣት ሐኪም ሲከራከሩ አገኘኋቸው።

«ዶክተር፣ የጋወንዎን ቁልፍ አዛንፈው ቆልፈውታል።»

«ሆን ብዬ ነው፣ ሲስተር። ታማሚው አይቶ ሲያርመኝ ፍርሃቱ ይቀልለታል።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ስሠራ ጋወኔ ተጨማዶ አያውቅም። ሐኪም ከተናቀ መድኃኒቱም ይናቃል። ደግሞስ ማስመሰል ውሸት አይደለም?»

«ስለ ሕመሙ ብዋሽ ውሸት ነበር። እኔ የምቀልደው በራሴ ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ተኮሳትረን ካስደበቅነውስ ጥፋቱ የማን ነው?»

«ይሁና። ያረጀ እጅ ግን እንዲህ ያለውን ጨዋታ አይለምድም።»

ዝም ማለት አቃተኝ። «ሲስተር፣ ባለፈው ወር ከእርስዎ ክፍል የሸሸችው እኅቴ ናት። አሁንም ዓይኗ በሩ ላይ ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ወንድ ነኝ፤ ለእኔ አታሳይም። እርስዎ ይሞክሩት» አላቸው።

ስንመለስ እትዬ ቦርሳዋን አንግታ ቆማለች። ነርሷ ክንዷን ይዘው አስገቧት፤ እኔ በሩ ገርበብ እንዳለ ውጭ ቀረሁ። ሴትዮዋ የደም ግፊት መለኪያውን አወጡና በራሳቸው ክንድ ላይ ጠቅልለው ይነፉት ጀመር። አሁን ሮጣ ትወጣለች ብዬ ወደ በሩ ተጠጋሁ።

«ሲስተር፣ የታመምኩት እኔ ነኝ እኮ» አለች እትዬ።

«በሞትኩት! እርጅና ተጫወተብኝ።»

እኅቴ ሳቀች። ከሰባት ወር ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ፤ «እናቴ በዚህ ነው የሞተችው። ፈርቼ ነው የሸሸሁት» ስትል ሰማሁ። ቀጥሎ በሩ ተዘጋ።

ወደ ሆስፒታል ተልካ እብጠቱ ሳይሰራጭ በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ሐኪሞቹ «ጥቂት ወር ብትቆይ ኖሮ» ሲሉ የቀረውን መስማት አልቻልኩም። ሊጠይቋት የመጡት ዋናዋ ነርስ ግን ሰምተውታል፤ ከዚያ ወዲህ የፈራ ሰው ሲገባ ሆን ብለው አንድ ነገር ይሳሳታሉ። ሸሽተው የነበሩ ሦስት ሴቶችም ተመልሰው መጥተዋል። ሰው የሚያስፈራ ሥልጣን ያለን ሁሉ፣ መምህር የሆንኩት እኔም ጭምር፣ ትንሽ መሳሳት ብንለምድ ስንቱ የደበቀውን በተናገረ ነበር።

እትዬ ከሆስፒታል ስትወጣ የነርሷን ብልሃት ልነግራት ጀመርኩ።

«ተወው፤ ያኔውኑ ገብቶኛል» አለችኝ። «ይህን ያህል ዘመን የሠራ እጅ ክንድ ይስታል እንዴ? እንደዚያ ያሉ ኩሩ ሴትዮ ለእኔ ሲሉ ራሳቸውን መሳቂያ ካደረጉ፣ አይጎዱኝም ብዬ ነው የቀረሁት።»