የኢዮኤል ክንድ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ከሁርሊንግሃም ሰፈር ወደ ላቪንግተን ሰፈር ስሄድ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ዳር ተጠለልሁ። እዚያም አቶ ሐብተማርያምን ከልጃቸው ከያኤል ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው። አቶ ሐብተማርያም በመሃል ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ያኤል ፊዚዮቴራፒ ትማራለች። ያከራከራቸው ታናሽ ወንድሟ ኢዮኤል ነበር። ከሚሲዮናውያን ልጆች ጋር ኳስ በእጅ እየተወረወረ በዱላ የሚመታበትን ቤዝቦል ሲጫወት አድጎ አንድ የአሜሪካ ክለብ በወርዋሪነት ቀጥሮታል፤ አሁን ለዕረፍት መጥቷል።

አባትየው እንደነገሩኝ ክለቡ ልጃቸውን ንቆታል። ከታችኛው ቡድን አስቀምጦ፣ ጨዋታ ያስጀምረውና ገና ሲሟሟቅ ያስወጣዋል። ስለዚህ ለእሑድ ወዳጅ ዘመዱን ጠርተዋል፤ ኢዮኤል ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ብቻውን ሲወረውር በቪዲዮ ተቀርጾ ለክለቡ ይላካል።

«ብረት የሚቀጠቀጠው እንደጋለ ነው» አሉ። «ጉልበቱ ካልታየ ማን ያከብረዋል?»

ያኤል አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «አባባ፣ የእሱ ክንድ እኮ ሥጋና ጅማት ነው» አለች። ጡንቻ ቶሎ እንደሚፈረጥም፣ የክርን ጅማት ግን በዝግታ እንደሚጠና፣ አንዴ ከተበጠሰ ብዙ ወጣት እንደዋዛ እንደሚቀር አስረዳቻቸው። ክለቡ ቶሎ የሚያስወጣውም ለብዙ ዘመን ስለሚፈልገው ነው። እኔም አስተማሪ ነኝና እውነቷን መሆኑን አወቅሁ፤ ፊደል ሳይለይ ዳዊት ድገም የተባለ ተማሪ ሁለቱንም ሲያጣ አይቻለሁ። አቶ ሐብተማርያም ግን አልተዋጠላቸውም።

ዝናቡ ሲያባራ ኢዮኤል ከጓደኛው ከናትናኤል ጋር ልምምድ ጀመረ። አባትየው ከሱቅ ስለማይለዩ ልጃቸው ሲወረውር በቅርብ አይተውት አያውቁም ነበር። ያኤል ከሽቦው አጥር ኋላ አቆመቻቸው። ኢዮኤል ተንጠራርቶ ወረወረ። ኳሷን ያያት የለም፤ የቀለበበት የናትናኤል ጓንት ሲጮህ ብቻ ሰማን። አቶ ሐብተማርያም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይህ ከእኔ ቤት የወጣ ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

ያኤል ወንድሟን ጠርታ ክርኑን አስያዘቻቸው። ከቆዳው ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። አባትየው ክርኑን ሳይለቁ ጠየቁት።

«ያምሃል?»

«ትንሽ፣ አባባ። በእንግዶችዎ ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ነው ዝም ያልሁት።»

አባትየው ክርኑን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑለት።

እሑድ እንግዶቹ ሲሰበሰቡ አባትየው ኢዮኤል እንደማይወረውር አስታወቁ። ወዳጃቸው አቶ ፍሥሐ፣ ይህን ሁሉ ሰው ጠርቶ ማሳፈር ነው ብለው አጉረመረሙ።

«ማፈሩን ለእኔ ተዉልኝ» አሉ አቶ ሐብተማርያም። «ዛሬ ቢያርፍ የከርሞው ክንድ ይተርፈዋል። ብልሃቱን ይማራል፤ ጅማቱ ይጠናል፤ ጎልማሳ ሲሆንም ይወረውራል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እግዚአብሔር ያንን የሚያህል ነገር ለአንድ እሑድ ብሎ አልፈጠረውም።»

አቶ ፍሥሐ ኢዮኤልን ቀና ብለው አዩትና ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት።