ስድስተኛው ቆርቆሮ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ የብርጓል ምናሉ
ዕድሜ፦ 47
አድራሻ፦ ባሕር ዳር ከተማ፣ ሹም አቦ አካባቢ
ሥራ፦ በከተማው ሲኒማ አዳራሽ ትኬት ተቆጣጣሪና ጽዳት
የትምህርት ደረጃ፦ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ታነባለች፣ ትጽፋለች
ቃል የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሚያዝያ 14 ቀን 1979 ዓ.ም. ከጧቱ 2፡30
ጉዳዩ፦ ከሲኒማ አዳራሹ ስለጠፋ አንድ የፊልም ቆርቆሮ
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ አካሉ ደሴ
(ምስክሯ ቃሌን በራሴ እጅ ልጻፍ ብላ ስለጠየቀች ተፈቅዶላታል።)

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ኑርሑሴን ሙሀመድዘይን የሕዝብ ንብረት ሰርቋል፣ አሻጥር ሠርቷል ተብሎ ስለተያዘበት ጉዳይ የማውቀውን እገልጻለሁ።

ኑርሑሴንን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዕድሜው ሃያ ሁለት ነው፤ በአባቱ ሱቅ ይሠራል። ከሁለት ዓመት በፊት የባለጭምብሉ ፊልም አንደኛ ክፍል በአዳራሻችን ሲታይ ዘጠኝ ጊዜ ገብቷል። ትኬቱን የቀደድሁት እኔ ስለሆንሁ ቁጥሩን አልስትም። ፊልሙ የህንድ ነው። በአየር እየበረረ ለድሃ የሚደርስ፣ ፊቱን ግን ማንም አይቶት የማያውቅ ሰው ታሪክ ነው። መጨረሻው ላይ ሰውየው ከድልድይ ወደ ወንዝ ወደቀና ሳይወጣ፣ ቀሪው በሁለተኛው ክፍል ይታያል የሚል ጽሑፍ መጥቶ መብራቱ በራ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ዕረፍት አጣ። ጸጉር አስተካካይ ቤቶች ሞቷል በሚሉና አልሞተም በሚሉ ተከፈሉ። ዓሣ አጥማጆች ሳይቀሩ ፍርድ ሰጡ፤ ውኃ የያዘውን በሦስተኛው ቀን ይመልሳል፣ ካልመለሰ ሰውየው ዋኝቶ ወጥቷል አሉ። ከይፋግ እህል ይዘው የሚመጡ ነጋዴዎች ጭነታቸውን ሳያራግፉ እኔ ዘንድ መጥተው መጣ ወይ ይሉኝ ነበር። ኑርሑሴን ደግሞ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል። አልመጣም ስለው፣ «እትየ የብርጓል፣ ደብቀሽው እንዳይሆን» እያለ ይቀልዳል።

ዘንድሮ በሰሙነ ሕማማት ፊልሙ ከአዲስ አበባ እንደተላከና በትንሣኤ ማግስት እንደሚታይ ተነገረ። ወጣቶቹ ከሰኞ ጀምሮ አውቶቡስ ተራ ዋሉ። አንዱ አውቶቡስ ባዶውን ሲመጣ ሌላውን፣ እሱም ባዶ ሲሆን የነገውን ይጠብቃሉ። ሚያዝያ 8 ቀን ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ያደረው አውቶቡስ ይዞት ገባ። ስድስት ቆርቆሮ ነበር። ስድስት ወጣቶች አንዳንድ ቆርቆሮ በራሳቸው ተሸክመው፣ ሌላው ከኋላ እየዘፈነ፣ አዳራሹ ድረስ አመጡት። እኔ በማሽን ክፍሉ ነበርሁ። ከሃያ የማያንሱ ሰዎች ገፍተው ገቡ። የማሽን ኦፕሬተሩ አስናቀ ውጡ እያለ ይጮህ ነበር። ቆርቆሮዎቹ ጠረጴዛውም ወለሉም ላይ በያሉበት ተቀመጡ። ስድስተኛውን የተሸከመው ኑርሑሴን ነበር። «ይኸን ዛሬ ካላየሁ እስከ ሰኞ በሕይወት አልቆይም» አለ። ይህን የሰሙ ብዙ ናቸው፤ እውነት ነው፣ ብሏል። እኔ ግን፣ «እዚያ አግዳሚዬ ላይ አስቀምጠህ ውጣ፤ እስከ ሰኞ የሞተ የለም» አልሁት። አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ አልተመለሰም።

አሁን ስለ እኔ ቆርቆሮ እገልጻለሁ። አሮጌ የፊልም ቆርቆሮ ሲወገድ ኃላፊው ለእኔ ይፈቅዱልኛል። እኔም በደሴት ገዳም ለሚኖሩት ለታላቅ ወንድሜ ለአባ መርስዔ ኀዘን እሰጣቸዋለሁ። በደሴቱ አይጥ ስለበዛ ጧፉንም ዘቢቡንም ከአይጥ የሚያድኑት በዚህ ቆርቆሮ ነው። ለትንሣኤ ቅዳሴ የሚሆን ዘቢብ ከነኑርሑሴን ሱቅ ገዝቼ፣ አንድ በአንድ ለቅሜ፣ የሱቁ ማኅተም ያለበትን መጠቅለያ ወረቀት ከሥሩ አንጥፌ፣ በአንድ አሮጌ ቆርቆሮ ሞልቼ በፕላስተር አሽጌው ነበር። ያስቀመጥሁትም ከዚያው አግዳሚ ሥር ነው። በቆርቆሮው ላይ ከድሮ ፊልም የቀረ 6 ቁጥር ነበረበት።

ግርግሩ ሳይበርድ አባ መርስዔ ኀዘን በደጅ በኩል ደረሱ። ነፋስ ሳይነሣ በታንኳ መመለስ ስለነበረባቸው ቸኩለዋል። እኔም ቸኮልሁ። እጄን ሰድጄ 6 ቁጥር ያለበትን አነሣሁና ሰጠኋቸው። ሁለቱም ቆርቆሮዎች የዛጉ፣ ሁለቱም ከባድ፣ ሁለቱም በፕላስተር የታሸጉ ናቸው። ማንበብ የተማርሁት ከመጠቅለያ ወረቀትና ከተቀደደ ትኬት ስለሆነ የተጻፈ ነገር አምናለሁ። ቁጥሩን አነበብሁና አመንሁ። አግዳሚው ላይ ነበር ወይስ ከሥሩ ብየ አላሰብሁም። በኋላ አስናቀ ሲሰበስብ አግዳሚው ሥር 6 ቁጥርን አግኝቶ ከአምስቱ ጋር ደረደረው። እሱም አላጠፋም፤ ቁጥሩ ልክ ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን ሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ፊልሙ ተጀመረ። መቀመጫ ያጣው በየግድግዳው ቆሞ ነበር። ባለጭምብሉ ከወንዙ ሲወጣ የነበረውን ጩኸት መጻፍ አልችልም። አምስተኛው ጥቅል ያለቀው ሰውየው እናቱ ደጃፍ ቆሞ ጭምብሉን ሊያወልቅ እጁን ሲያነሣ ነው። መብራት በራ። አስናቀ ስድስተኛውን ለማሽኑ ሊያጎርስ ከፈተው፤ ዘቢብ ሆነ። በመስኮቱ አሳያቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ወንበር መሰባበር ጀመረ። አንድ ሰው ከሥሩ ያለውን ወረቀት አንሥቶ የሙሀመድዘይንን ሱቅ ማኅተም አነበበ። ሌላው ኑርሑሴን ሐሙስ ዕለት ያለውን አስታወሰ። «ቀድሞ ሊያይ ሰርቆ ዘቢብ ተካበት» ተባለ። ኑርሑሴን የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሰርቄ ባየው ኖሮ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጨ ጥፍሬን እበላ ነበር?» አለ። ፖሊስ ይዞት ሄደ።

እኔ ዘቢቡን እንዳየሁ የሆነውን አውቄአለሁ። አልተናገርሁም። ብናገር የመንግሥት ንብረት ገዳም ተገኘ ይባላል፣ ወንድሜ ይጠየቃሉ፣ ገዳሙ ይፈተሻል ብየ ፈራሁ። ጥፋቴ ይኸ ነው።

ማግስቱን ማክሰኞ ጧት በዚህ ጣቢያ በር ሳልፍ የኑርሑሴን እናት ወ/ሮ ዘይነት ስንቅ ይዛ ቆማ አገኘችኝ። የዘንድሮ ዘማች እየተመለመለ መሆኑን፣ በጣቢያ የታሰረ ወጣት ከዚሁ ወደ ጦር ግንባር እንደሚወሰድ ሰምታ ነበር። «ልጄ ችኩል ነው እንጂ ሌባ አይደለም» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ያን ዘቢብ የመዘንሁት እኔ ነኝ። ለማን እንደመዘንሁም አውቃለሁ። የቤተ ክርስቲያን ነው ብለሽኝ ዘግኜ ጨምሬልሻለሁ» አለችኝ። ታዲያ ለምን ለፖሊስ አልተናገርሽም አልኋት። «የአንቺን ነገር እኔ ብናገረው ክስ ይሆናል። አንቺ ስትናገሪው እውነት ይሆናል። እስከ ነገ እጠብቅሻለሁ» አለችኝና ስንቁን አስገባች።

ከዚያው በቀጥታ ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ በታንኳ ሄድሁ። ገዳሙ ሴት የማይገባበት ስለሆነ ታንኳው ከዳር ጥቂት ክንድ ርቆ ቆመ፤ ቀዛፊው ተጣራልኝ። አባ መርስዔ ኀዘን ቆርቆሮውን ይዘው ወረዱ። «የብርጓል፣ ዘቢብሽ እባብ ሆኖ ጠበቀን» አሉኝ። ለቅዳሴው በዕቃ ቤት የቀረ ዘቢብ ስለነበር እንዳልተቸገሩ ነገሩኝ። እስከ ጉልበታቸው ውኃ ገብተው ሲያቀብሉኝ፣ ከፊልሙ አንድ ክንድ ያህሉን ዘርግተው ወደ ፀሐይ እንዳዩት፣ የቀረው የእኔ አይደለም ብለው እንደጠቀለሉት አልሸሸጉኝም። «ሰውየው ግን ፊቱን የሸፈነው ምን በድሎ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኋቸው። «ስታውቂ ላኪብኝ» አሉ። ታንኳው ከዞረም በኋላ ከውኃው አልወጡም ነበር።

በመንገድ ላይ ቆርቆሮውን ከፈትሁ። ይህንም አልደብቅም። የጥቅሉን ጫፍ ይዤ ወደ ፀሐይ አየሁ። ፊልሙ ሌላ ቦታ ታይቶ ወደ ኋላ ሳይጠቀለል ስለተላከ መጨረሻው ያለው እዚያው ጫፉ ላይ ነው፤ አይቸዋለሁ። ከዚያ በአዲስ ፕላስተር አሸግሁት።

ዛሬ ጧት ቆርቆሮውን ይዤ ስቀርብ ሃምሳ አለቃ አካሉ ወረቀትና ብዕር ከመስጠታቸው በፊት፣ «ለመሆኑ አወለቀው?» ብለው ጠየቁኝ። ይኸን ስጽፍም ደግመው ጠየቁኝ። በሩ ላይ የቆሙት ሁለት ፖሊሶችም ጆሯቸውን አቁመው ነበር። አልነገርኋቸውም። ሁለት ዓመት የጠበቀ፣ በእኔ ጥፋትም ሁለት ሌሊት የታሰረ ሰው እያለ ለሌላ ሰው ቀድሜ አልናገርም። ኑርሑሴን ሳይፈታ ስድስተኛው ቆርቆሮ እንዳይከፈት እጠይቃለሁ። ኑርሑሴን አልሰረቀም። ወንድሜ የተቀበሉት ዘቢብ መስሏቸው ነው። ለሆነው ሁሉ የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ፤ ቤቴ ይታወቃል፣ አልሸሽም።

ከላይ የሰፈረው በእጄ የጻፍሁት፣ ሳልጨምር፣ ከመጨረሻው በቀር ሳልደብቅ ያኖርሁት ቃል ነው። ደግሜ አንብቤው ልክ ሆኖ ስላገኘሁት ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ የብርጓል ምናሉ

ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ አካሉ ደሴ

የጣቢያው ማስታወሻ፦ አንድ የፊልም ቆርቆሮ እንደታሸገ ከምስክሯ ተረክበናል። ተጠርጣሪው ኑርሑሴን ሙሀመድዘይን በዚሁ ቀን ከረፋዱ 4፡10 ተለቅቆ ለእናቱ ተሰጥቷል። ቆርቆሮው ከረፋዱ 4፡15 በፖሊስ አጀብ ለሲኒማ አዳራሹ ተመልሷል። ፊልሙ ከቀኑ 8 ሰዓት ስለሚታይ፣ ከ7፡30 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ በጣቢያው የሚገኘው አንድ ተረኛ ብቻ ነው፤ ተረኛው በዕጣ ተመርጧል።