ሲሚንቶ የሞላሁት ጣሳ

ስሙኝማ ወገኖች፣ ሻያችሁ ሳይበርድ እጨርሳለሁ። ሀርጌሳ ከጦርነቱ በኋላ ፍርስራሿን ስትጠግን ነው፤ የተከራየሁት ክፍል አንዱ ግድግዳ ፈርሶ ሸራ ጋርደንበታል። ባለቤቴ ከድሬዳዋ ልትመጣ ሳምንት ሲቀራት ቦርጬ አሳፈረኝና፣ እንደ ድሮው ሁለት የወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቼ፣ በብረት አያይዤ ክብደት ሠራሁ። አከራዬ ኤዶ ሆዳን (ኤዶ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው) አማርኛ ስደት ላይ የለመዱ ናቸው፤ ያንኑ ግድግዳ ድንጋይ እየካቡ ያዩኛል።

«ምንድነው እሱ?»

«ስፖርት ነው ኤዶ፣ ቦርጭ ያጠፋል።»

«ሲሚንቶውን የት ልታደርሰው ነው?»

«የትም! አነሳዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።»

አንዴ ቦርጬን፣ አንዴ ሸራውን አዩና እንዲህ አሉኝ፦ «ወላሂ፣ ሚስትህ ቦርጭህን ትችለዋለች፤ ግድግዳ የሌለው ቤት ግን አትችልም። ና ድንጋይ አቀብለኝ!»