የኦቦ ኤጄታ ሽንት ቤት ቁልፍ

ሰው አጠገቡ ማን እንደሚቀመጥ ቢያውቅ ኖሮ አውቶቡስ ተራ ሲሄድ ልቡን አዘጋጅቶ ይሄድ ነበር። እኔ በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. በአንድ የኅዳር ቅዳሜ ያዘጋጀሁት ለአራስ ጥየቃ የያዝኩትን ስኳር ብቻ ነው። ጉደር የምትገኝ የሥራ ባልደረባዬ ወልዳ ልጠይቃት ተነስቼ፣ አምቦ አውቶቡስ ተራ ካለው አግዳሚ ላይ ያገኘሁት ክፍት ቦታ ከኦቦ ኤጄታ አጠገብ ነበር።

በሰፈራችን ኦቦ ኤጄታን የማያውቅ የለም። የጽዳት ዘመቻ በታወጀ ጊዜ ከቀበሌው ሰው ሁሉ ቀድመው ሽንት ቤት የቆፈሩ፣ በቆርቆሮ የከደኑ፣ ግድግዳውን በኖራ የቀቡ እርሳቸው ናቸው። ከአውራጃው የመጣ ተቆጣጣሪ እጃቸውን ጨብጦ አመሰገናቸው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሽንት ቤት ሲያወሩ ለወግ ማዕረግ ስላበቁት ልጅ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

ከወዲያ በኩል ልጃቸው ኡርጌ ተቀምጣለች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ ሳይንስ አስተምራታለሁ። ጭንቅላቷ ብሩህ ነው፤ ነገር ግን በየወሩ ጥቂት ቀን ከትምህርት ትቀራለች፤ ምን ሆነሽ ስላት «አሞኝ ነው» ብላ መሬት መሬቱን ታያለች። በዚያን ቀን ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። አየችኝና ብድግ አለች፤ ከዚያም ዓይኗን ወደ አባቷ እግር ሥር ጣለች። እዚያ አንድ ዘንቢል ተቀምጧል፤ አፉ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ በልጥ ታስሯል።

«አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ኤጄታ? ወዴት ነው መንገዱ?»

«ነጋ፣ ገለታ ዋቃ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ጌዶ ነን፣ ባርሲስቱ» አሉኝ፤ መምህርት ማለታቸው ነው።

«ለገበያ ነው?»

«ለገበያ ቢሆንማ ምን ነበረብኝ! አዋቂ ዘንድ ነው። ልጄን ሊያጠፋት የተነሳ ሰው አለ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጎረቤቴን አዴ ወርቅቱን ታውቂያታለሽ? ባሏ የሞተባትን?»

«አውቃታለሁ። ደግ ሴት ናት።»

«ደግ! ጥጃዋ በቆሎዬን ቢበላ፣ በአጥር ተጣላን። ከዚያ በኋላ ውሻዬ ከዚያው አጥር ሥር ጨርቅ ጎትቶ አወጣ። ደም የነካው ጨርቅ! የማን ጨርቅ መሰለሽ? የኔ የራሴ! ባኮ ሳለሁ ያሰፋሁት ሰማያዊ መስመር ያለው ሸሚዜ። አርጅቶ ቤት ተጥሎ ነበር። ሰርቃ፣ ቀድዳ፣ ደም ውስጥ ነክራ ወሸቀችው። በእጄ አልነካሁትም፤ በእንጨት አንስቼ ጠቀለልኩት። ይኸው እዚህ አለ። ልጅቷን ደግሞ እያት! እህል አትቀምስም፤ ሆዷን ይዛ ስታቃስት ታድራለች።»

«አዋቂውስ ምን ያደርጋል?»

«ስሟን ይጠራል። ከጠራ አለቀ። ታላቁ ልጄ ዲንሳ ምሏል፤ ቤቷን በላይዋ ላይ አነዳለሁ ብሏል። እስካሁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከጌዶ ስመለስ ግን አልይዘውም።»

የኡርጌ ጣቶች የነጠላዋን ጫፍ ይፈትሉ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ነገሩም ሁሉ ገባኝ።

አሁን እስቲ ፍረዱኝ። ዝም ብል የአንዲት ምስኪን ቤት በላይዋ ላይ ሊነድ ነው። ብናገር አንዲት ልጅ በአባቷ ፊት፣ በመንገደኛ ሁሉ መካከል ልትዋረድ ነው። አገራችን ደግሞ አስቂኝ አገር ናት፤ ስለ መግደልና ስለ ማቃጠል በአደባባይ ጮክ ተብሎ ይወራል፤ ፈጣሪ በየወሩ ለሴት ልጅ ስለሰጣት ነገር ግን ሹክ ማለት እንኳ ነውር ነው። ተናደድኩ። ረዳቱ በዚህ መሐል አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የቅቤ ቅልና የዶሮ ቅርጫት እየጫነ «ጌዶ! ነቀምቴ!» እያለ ይጮኻል።

«ኡርጌ፣ ከዚያ ማዶ ካለው ሱቅ አንድ አምቦ ውሃ ግዥልኝ» አልኳት። «አትቸኩይ።»

ገባትና ሄደች። ወደ ሽማግሌው ጠጋ አልኩ።

«ኦቦ ኤጄታ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎ አይቆጡኝም?»

«ብቆጣም መምህርት አልመታም።»

«ያረጀ ልብስዎ ቤትዎ ውስጥ ምን ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቄ? ሚስቴ ሽታዬ ናት የምታውቅ። ትቀደዋለች፤ ምን እንደምታደርገው ግን አልጠይቃትም። የሴት ነገር ነው።»

«እኔም የምልዎ ይህንኑ ነው። ዘንቢሉ ውስጥ ያለው የሴት ነገር ነው። መተት አይደለም። ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ በየወሩ የምታየው...»

እንደ ተወጋ ሰው ብድግ አሉ። ግራ ቀኛቸውን ቃኙ።

«ዝም በይ! ሰው ይሰማል! የአባት ጆሮ እንዲህ ያለ አይሰማም። ያስተማሩሽ ይህን ነው? ነውር አታውቂም?»

«ነውርስ አውቃለሁ፣ አባቴ። ቀስ ብዬ በጆሮዎ መናገሬ ስለማውቅ ነው። እኔ ሹክ ብልዎ ነውር ከሆነ፣ እርስዎ ጌዶ ድረስ ወስደው በአዋቂው ደጅ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ሊፈቱት አይደለም እንዴ? የቤትዎን ገበና ይዘው አደባባይ የወጡት እርስዎ እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ተረት ቢጤ እየመጣብኝ ነበር፤ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ልላቸው ከጅሎኝ ምላሴን ያዝኩ። የተጨነቀን ሰው በተረት መውጋት ግፍ ነው።

«አይደለም» አሉ። «አንቺ የምትይው በእኔ ቤት አይሆንም። እኔ ሽንት ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ሽንት ቤት የሌለው ነው በየአጥሩ ቆሻሻ የሚወሽቀው!»

«ሽንት ቤትዎማ የታወቀ ነው። ማን ይገባበታል?»

«ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይከፈታል። ክቡር እንግዳ ሲመጣም ይከፈታል። ልጅ በየሰዓቱ ከገባበት ምኑን ንጹሕ ሆነ?»

«ቁልፉስ የት ነው?»

ከጋቢያቸው ሥር እጃቸውን ሰደዱና ከአንገታቸው በጠፍር የተንጠለጠለ ቁልፍ አወጡ። «ይኸው። ስተኛም አይለየኝ።»

«ባለቤትዎና ኡርጌ ወዴት ይሄዳሉ?»

«ባሕር ዛፉ አለ።»

«እንግዲህ ያስቡት። ልጅቷ ጨርቋን የምትለውጥበት ግድግዳ ያስፈልጋታል። ባሕር ዛፍ ሥር እረኛ አለ፤ እንጨት ለቃሚ አለ። በግቢዋ ደግሞ በር ያለው ቤት አለ፤ ቁልፉ ግን በእርስዎ አንገት ላይ ነው። ምን ብላ ትጠይቅዎ? አሁን እኔ ስጀምር ‹የአባት ጆሮ አይሰማም› አላሉኝም? ስለዚህ በጨለማ ወጥታ ያገኘችው ስንጥቅ ውስጥ ትወሽቃለች። ከዚያ ውሻ ያገኘዋል።»

ቁልፉን በመዳፋቸው ይዘው ያዩታል። ፊታቸው ላይ ቁጣና እፍረት ሲፈራረቁ አየሁ፤ ፈራሁም። ሽማግሌ ሲያፍር አንዳንዴ እፍረቱን በልጁ ላይ ይወጣዋል።

«ጌዶ የምትሄዱ ግቡ! ሊሄድ ነው!» አለ ረዳቱ።

ኡርጌ ጠርሙሱን ይዛ መጥታ ፊታችን ቆመች። አባትየው ቀና ብለው አዩዋት። ጠርሙሱን ሰጠችኝና ተናገረች።

«አባ፣ አዴ ወርቅቱ ምንም አላደረገችም። እሷ...»

«በቃ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሏት። «አውቄዋለሁ። አትጨርሺው።»

ረዳቱን «አንሄድም» ብለው ተነሱ። ኡርጌ ዘንቢሉን ልታነሳ ጎንበስ ስትል እጇን በእርጋታ ገለል አደረጉት። «ተይው። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የምመልሰውም እኔ ነኝ።» በእንጨት እንጂ በእጄ አልነካውም ያሉትን ነገር ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። እኔም ስኳሬን ይዤ ተከተልኳቸው፤ አራሷ ትቆየኝ ብዬ።

መንገድ ላይ ኡርጌን ወደፊት አሳለፏትና በጎን አዩኝ።

«ዲንሳን እኔ አበርደዋለሁ። ‹ውሻ ነው ያመጣው፤ ነገሩም የውሻ ነው› እለዋለሁ። ግን ባርሲስቱ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። በር ከፈትኩላት እንበል። ጨርቁስ? ጉድጓዱ ውስጥ ይጣል?»

«ጉድጓዱ ውስጥም አይጣል። ጨርቅ ቶሎ አይበሰብስም፤ እንደዚያ የተመሰገነ ጉድጓድዎ ያለ ጊዜው ይሞላል።»

«ሁሉቃ ወንዝስ?»

«ከታች ውሃ የሚቀዳው ሰው ምን በደለ?»

«እህ!» አሉና ጥቂት ተራመዱ። «ታዲያ የት ነው የሚጣለው? መውጫ አሳጣሽኝ እኮ!»

«ቤትዎ እንድረስና ባለቤትዎ ባሉበት እንነጋገር። ነገሩ የእሳቸውም ነው።»

አዴ ሽታዬ ከደጅ ተቀበሉን። ባላቸው ዘንቢሉን አቅፈው ሲመለሱ ባዩ ጊዜ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ እናት ናቸውና ከመጀመሪያውም ያውቁ ኖሯል። ባል ለወግ ያህል በሬዎቹን ሊያዩ ወደ ጓሮ ዞሩ፤ ግን ከግድግዳው ጀርባ ጆሯቸውን እንደ ጣሉ ሳላቸው ነገረኝ።

ክዳን ያለው የወተት ጣሳ ሽንት ቤቱ ውስጥ ይቀመጥ፤ ያለቀው ጨርቅ ወይም ጥጥ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ እዚያ ይከማች፤ ሲሞላ ከጓሮ በተቆፈረ ጉድጓድ ይቃጠል፤ አመዱም አፈር ይልበስ አልኳቸው። አዴ ሽታዬ ‹ይቃጠል› ስል ደነገጡ።

«በጭራሽ! ደሟን እሳት ከነካው ማኅፀኗ ይደርቃል። እናቴ የነገረችኝ ነው።»

«የእናትዎን ቃል አልንቅም። ግን ልጠይቅዎ፤ የበሬዎ ቀንድ ተሰብሮ ወድቆ እሳት ውስጥ ቢገባ፣ በሬው ያመዋል?»

«በሬውማ ምን ይሆናል? ከወደቀ ወደቀ።»

«ይህም እንዲሁ ነው። ከሰውነት የወጣ ወጥቷል፤ እሳቱ የሚያገኘው ጨርቁን እንጂ ልጅዎን አይደለም። ልብዎ አልቀበል ካለ ደግሞ እናትዎ ያደርጉት የነበረውን ያድርጉ። ምን ያደርጉ ነበር?»

አሰቡ። «አጥባ ደግማ ትይዘው ነበር። ያለቀውን ጥልቅ ቆፍራ ትቀብር ነበር።»

«ይኸውልዎ! ወሸቁት አላሉኝም፤ ቀበሩት አሉኝ። ክንድ ያህል ይቆፈር፤ ድንጋይ ይጫንበት፤ ከጉድጓድ ውሃ ይራቅ። ያን ጊዜ ግቢው ሰፊ ነበር፤ ዛሬ ጎረቤት ከጎረቤት በአንድ አጥር ተጣብቆ ይኖራል፤ ለይስሙላ አፈር ያለበሱትን ውሻ ያወጣዋል። የሚታጠበው ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይዋል። ፍራሽ ሥር እርጥቡን መደበቅ ለልጅቷ በሽታ ነው። ሰው እንዳያይ ከፈለጉ ስስ ነጠላ ጣል ያድርጉበት፤ ፀሐይ ያሳልፋል። እጇንም በሳሙና ትታጠብ።»

አዴ ሽታዬ ኡርጌን አዩ፤ ኡርጌ እኔን አየች። ከዚያ እናትየው ሳቅ አሉ። «እኔስ እሺ። ቁልፉ ግን በእኔ እጅ አይደለም።»

ይህን ጊዜ ከግድግዳው ጀርባ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። ኦቦ ኤጄታ ዞረው መጡ፤ ማንንም ሳያዩ ጠፍሩን ከአንገታቸው አውልቀው ወደ ሽንት ቤቱ ሄዱ። ጓጉንቸሩን ከፍተው ኪሳቸው ከተቱ። ጥቂት ቆይተውም መዶሻ፣ ምስማርና ለበሩ ውስጥ የሚሆን መቀርቀሪያ ይዘው ሲመለሱ አየን።

እንዲህ ያለ ለውጥ ትንሽ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን በየካቲት ወር የሆነውን አይቻለሁ። ኡርጌ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በየወሩ መቅረቷን ተወች፤ ከኋላ ወንበርም ወደ ፊት መጣች። በሰፈራችን ጓሮ ጨርቅ የሚጎትት ውሻ ጠፋ፤ አዴ ሽታዬ ለሌሎች እናቶች በየቤታቸው ዞረው፣ ማንም ወንድ ሳይሰማ አስተምረዋል። ኦቦ ኤጄታ ደግሞ አንድ ቀን ሳይጠየቁ የአዴ ወርቅቱን አጥር ሲያጥሩ ዋሉ። ሴትዮዋ ተገርማ «ምን ተገኘ?» ብትላቸው «ውሻዬ አበላሽቶት ነው» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። እሳት ሊለቀቅበት የነበረው ቤት ዛሬም ቆሟል፤ ባለቤቲቱ ከምን እንደ ተረፈች እስካሁን አታውቅም። ባታውቅም ይሻላል።

በዚያው በየካቲት ተቆጣጣሪው ከአውራጃው ተመልሶ መጣ። እኔ ከትምህርት ቤቱ ተወክዬ አብሬው ነበርኩ። የተመሰገነውን ሽንት ቤት ለአዳዲስ እንግዶች ሊያሳይ በኩራት በሩን ቢጎትተው፣ አልከፈት አለው።

«ኦቦ ኤጄታ፣ ቁልፉን ያምጡልን እንጂ» አለ።

ሽማግሌው ከአግዳሚያቸው ላይ ሳይነሱ፣ እንግዶቹን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። ነፃ የሆነ አንገታቸውን ዳበስ አደረጉ።

«ቁልፉ ከውስጥ ነው» አሉት። «ሰው አለ። ጠብቅ።»

ከአውራጃ የመጣው ሰውዬም ከነእንግዶቹ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ።